ልጄን አልጀብራ እንዴት ላግዘው? ከሽምብራና ከክብሪት ቀፎ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ

ጎንደር ውስጥ ልጆች ማስጠናት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከማራኪም ይደወላል፣ ከአዘዞም ይደወላል፣ ጥያቄው ግን አንድ ነው። «መምህር፣ ልጁ ቁጥር ይችላል፤ ፊደል የገባበት ቀን ግን ሁሉ ነገር ይጠፋበታል። እኔም ከተማርኩት ብዙ ጊዜዬ ነው። ምን ላድርገው?» በስልክ አምስት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ መልስ የለውም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ይህ ለወላጅ፣ ለታላቅ ወንድምና እህት፣ ገና ማስጠናት ለጀመረም ሰው ነው። በዋናነት ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ላለ ልጅ ይሆናል። አልጀብራውን ብትረሱትም አትጨነቁ፣ ከልጁ ጋር አብራችሁ ታስታውሱታላችሁ።

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ አንድ ነገር አትርሱ፦ እስክሪፕቶው ከልጁ እጅ አይውጣ። እናንተ ስትሠሩ ልጁ አጠገባችሁ ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል፣ «ገባኝ» ይላል። እውነትም የገባው ይመስለዋል። በማግስቱ ፈተና ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ግን የመጀመሪያውን መስመር እንኳ መጻፍ ያቅተዋል፤ ምክንያቱም እጁ አንድም ቀን አልሠራችም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ ካሬ ደብተር። ከሌለ ተራ ደብተርም ይሆናል።
- እስክሪፕቶ። እርሳስና ላጲስ አይደለም። ስህተቱ ካልጠፋ ልጁ የት እንደሳተ ታያላችሁ፤ ከጠፋ ግን ምን እያሰበ እንደነበር ማወቅ አትችሉም።
- 30 ያህል ፍሬ ሽምብራ ወይም ባቄላ
- 3 ወይም 4 ባዶ የክብሪት ቀፎ
- ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ ስልክና ቴሌቪዥን የሌለበት

ማስጠንቀቂያ፦ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ሽምብራውን ቆጥራችሁ አውጡ፣ ቆጥራችሁ መልሱ። ሕፃናት አፍንጫና ጆሮአቸው ውስጥ ይከቱታል።

በዚህ ጽሑፍ የማይታወቀውን ቁጥር «ሀ» እለዋለሁ። በልጁ መጽሐፍ ላይ ኤክስ ወይም ዋይ ይሆናል። ፊደሉ ቢቀየርም ሥራው አንድ ነው፤ እንዲያውም አንዳንዴ ሆን ብላችሁ ፊደሉን ቀያይሩበት።

ደረጃ 1፦ ክፍተቱ የት እንደሆነ ፈልጉ

ወደ አልጀብራው ዘላችሁ አትግቡ። መጀመሪያ እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች ስጡትና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ።

8 + 4 = ___ + 5
3 − 8 = ___
−4 − 6 = ___
−2 × (−7) = ___
1/2 + 1/3 = ___
ሀ = 5 ከሆነ፣ 3ሀ ስንት ነው?

መልሶቹ በቅደም ተከተል 7፣ −5፣ −10፣ 14፣ 5/6 እና 15 ናቸው።

የተሳሳተው መልስ ከትክክለኛው በላይ ይነግራችኋል። በመጀመሪያው ላይ 12 ከጻፈ፣ የእኩል ምልክቱን «መልስ እዚህ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ አድርጎ ነው የሚያየው ማለት ነው። ይህን ሳታስተካክሉ ወደፊት ብትሄዱ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። −4 − 6 ላይ 10 ካለ «ኔጌቲቭና ኔጌቲቭ ፖዘቲቭ ነው» የሚለውን የማባዛት ሕግ አምጥቶ መደመር ላይ ለጥፎታል። በዕዳ አስረዱት፦ 4 ብር ዕዳ አለብህ፣ 6 ብር ደግሞ ጨምረህ ተበደርክ፣ ስንት አለብህ? 3ሀ ላይ 35 ካለ ደግሞ ፊደሉ ከቁጥሩ አጠገብ ሲቀመጥ ማባዛት መሆኑን ማንም አልነገረውም።

ብዙ ጊዜ «አልጀብራ አልገባውም» የተባለው ልጅ አልጀብራው አይደለም የከበደው። ኔጌቲቭ ቁጥርና ክፍልፋይ ላይ የቀረ ቀዳዳ አለ። እሱን ለመድፈን ሁለት ሦስት ቀን ብትወስዱ አልዘገያችሁም።

ደረጃ 2፦ የእኩል ምልክት ሚዛን መሆኑን በእጁ ይንካው

ቅዳሜ ገበያ ላይ ባለ ሁለት ሰሃን ሚዛን ያየ ልጅ ይህን ወዲያው ይይዘዋል። በአንዱ ሰሃን የብረት መመዘኛው፣ በሌላው በርበሬው። ሁለቱ ሲተካከሉ ብቻ ነው ሻጭና ገዢ የሚስማሙት። ከአንዱ ሰሃን ላይ ብታነሱ ሚዛኑ ያጋድላል።

አሁን ጠረጴዛው ላይ አዘጋጁ። ልጁ ሳያይ ሁለት የክብሪት ቀፎ ውስጥ 4፣ 4 ሽምብራ ክተቱና ዝጉ። ቀፎዎቹን በግራ በኩል አስቀምጡ፣ አጠገባቸው 3 ሽምብራ ጨምሩ። በቀኝ በኩል 11 ሽምብራ ደርድሩ። መሃል ላይ እንደ እኩል ምልክት ሁለት እስክሪፕቶ አጋድሙ። ከዚያ ንገሩት፦ «ግራና ቀኙ እኩል ነው። ሁለቱም ቀፎ ውስጥ ያለው ተመሳሳይ ነው። ሳትከፍት አንዱ ቀፎ ውስጥ ስንት እንዳለ ንገረኝ።»

አብዛኛው ልጅ ማንም ሳይነግረው ከሁለቱም በኩል 3፣ 3 ያነሣል። በቀኝ የቀረውን 8 ለሁለት ይከፍላል። «4!» ይላል። ቀፎውን ከፍቶ ይቁጠር። ያን ጊዜ ደብተሩ ላይ ይህን ይጻፍ፦

2ሀ + 3 = 11
2ሀ = 8
ሀ = 4

«አሁን የሠራኸው አልጀብራ ነው» በሉት። ፊቱን እዩት።

ይህ ደረጃ ለምን ያስፈልጋል? ብዙ ልጅ «ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የሚል ሕግ ብቻ ሸምድዶ ይመጣል። ሕጉ ለ+ እና ለ− ይሠራል፤ ግን ለምን እንደሚሠራ ስለማያውቅ የማይሆንበት ቦታ ላይም ይጠቀምበታል። 3ሀ = 15 ሲሰጠው 3ን «አሻግሮ» ሀ = 15 − 3 = 12 ይላል። እኔ «ማሻገር» የሚለውን ቃል ከነጭራሹ አልጠቀምም። «ሁለቱም ሰሃን ላይ ምን እናድርግ?» ነው የምለው።

ደረጃ 3፦ ፊደሉ ቁጥር እንጂ ዕቃ አለመሆኑን አረጋግጡ

«3ሙ ማለት ሦስት ሙዝ ማለት ነው» ብለው የሚያስረዱ አሉ። ለጊዜው ይቀላል፣ በኋላ ግን ያስቸግራል። ሙዝ በሙዝ ሲባዛ ምን ይሆናል? ሀ ቁጥር ነው፤ የማናውቀው፣ ቀፎ ውስጥ ያለ ቁጥር። ለምሳሌ «የአንድ ሙዝ ዋጋ በብር» ቁጥር ነው፤ «ሙዝ» ግን ቁጥር አይደለም።

ሦስት ነገር አስጽፉት፦ 3ሀ = ሀ + ሀ + ሀ። ሀ ብቻውን ሲሆን 1ሀ ማለት ነው። 3ሀ + 2 ደግሞ 5ሀ አይሆንም። የመጨረሻውን ከተጠራጠረ ሀ = 10 ብሎ ይሞክረው፤ አንዱ 32፣ ሌላው 50 ነው።

ደረጃ 4፦ አንድ መስመር፣ አንድ ሥራ

አሁን 3ሀ + 7 = 22 ስጡት። አጻጻፉ እንዲህ ይሁን፦

3ሀ + 7 = 22
3ሀ + 7 − 7 = 22 − 7
3ሀ = 15
3ሀ ÷ 3 = 15 ÷ 3
ሀ = 5

የእኩል ምልክቶቹ አንዱ ከሌላው ሥር ቀጥ ብለው ይሰለፉ። ባለ ካሬ ደብተሩ ለዚህ ነው።

ልጁ «ለምን በ7 ተጀመረ? ለምን በ3 አልተጀመረም?» ብሎ ከጠየቀ ደስ ይበላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንዲህ በሉት፦ የጎንደር ጠዋት ብርድ ነው፣ ሹራብ ለበስክ፣ ከላይ ጋቢ ደረብክ። ቤት ስትገባ መጀመሪያ የሚወልቀው የቱ ነው? ጋቢው፣ መጨረሻ የተደረበው። ሀም መጀመሪያ በ3 ተባዛ፣ ከዚያ 7 ተደመረበት። ስንፈታ ከመጨረሻው እንጀምራለን።

አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ ነበረችኝ፤ መልሷ ሁልጊዜ ትክክል ነው፣ ፈተና ላይ ግን ነጥብ ይቀነስባታል። ደብተሯን ሳየው 22 − 7 = 15 ÷ 3 = 5 እያለች በአንድ መስመር ትቀጥላለች። ይህ ሲነበብ 22 − 7 ከ5 ጋር እኩል ነው ይላል፤ ውሸት ነው። ችሎታዋ ምንም አልጎደለውም ነበር፣ መስመር መቀየር ብቻ ነው የቀራት። ይህን ካያችሁ አትለፉት፤ ረጅም ኢኩዌሽን (የእኩል ምልክት ያለበት፣ የማይታወቀው የሚፈለግበት የሒሳብ ዓረፍተ ነገር) ሲመጣ ራሷን ልጅቷን ያደናግራታል።

ደረጃ 5፦ መልሱን መልሶ መክተት

ሀ = 5 ካለ ወደ መጀመሪያው መስመር ይመለስና ይክተተው። 3 × 5 + 7 = 22። ተስተካከለ።

ይህን ብዙዎች «ጊዜ ማባከን» ይሉታል። አይደለም። ልጁ «ልክ ነኝ?» ብሎ ወደ እናንተ ዓይን ማየቱን የሚያቆመው በዚህ ነው። ፈተና ክፍል ውስጥ የሚጠየቅ ሰው የለም። ስለዚህ «ልክ ነኝ?» ሲላችሁ አዎ ወይም አይደለም አትበሉ። «ክተተውና እየው» በሉ፤ ልክ ቢሆንም እንኳ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚከተው መጀመሪያ በተሰጠው መስመር ላይ እንጂ መሃል ላይ ባለው መስመር አይደለም። መሃሉ ላይ ተሳስቶ ከሆነ የተሳሳተው መስመር የተሳሳተውን መልስ ልክ ነው ይለዋል።

ደረጃ 6፦ በሁለቱም በኩል ሀ ሲኖር፣ ቅንፍ ሲመጣ፣ ክፍልፋይ ሲመጣ

የመጀመሪያው ቀላል ነው። 5ሀ − 6 = 2ሀ + 15 ላይ ከሁለቱም በኩል 2ሀ ያንሣ። 3ሀ − 6 = 15 ይቀራል። ከዚያ ያው የሚያውቀው ነው፦ 3ሀ = 21፣ ሀ = 7። ሲከተት ግራውም ቀኙም 29 ይሆናል። ከሁለቱ ትንሹን ሀ ማንሣት ከኔጌቲቭ ያድናል።

ቅንፍ ላይ ግን ቀስ በሉ። ልጆች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ነው።

10 − 2(ሀ − 3) = 4

ሁለት ዓይነት ስህተት ይመጣል። አንዱ 10 − 2 ብሎ 8 ካገኘ በኋላ 8(ሀ − 3) መጻፍ ነው። ማባዛት ከመቀነስ እንደሚቀድም አስታውሱት። ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው፦ 10 − 2ሀ − 6። ልጁ 2ን ወደ ውስጥ አባዝቷል፤ የሚባዛው ግን −2 ነው፣ ምልክቱ አብሮ ይገባል። −2 በ−3 ሲባዛ +6 ይሰጣል። ስለዚህ፦

10 − 2ሀ + 6 = 4
16 − 2ሀ = 4
−2ሀ = −12
ሀ = 6

ከመጀመሩ በፊት −2ን ከነምልክቱ ይክበበው። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ብዙ ልጅ አድናለች። በተሳሳተው መንገድ የሄደ ልጅ ሀ = 0 ያገኛል፤ መልሶ ሲከተው 10 − 2(−3) = 16 ይሆናል፣ 4 አይደለም። የደረጃ 5 ጥቅም የሚታየው እዚህ ነው።

ክፍልፋይ ሲመጣ ክፍልፋዩን ተሸክሞ መሄድ አያስፈልግም። ሀ/2 + ሀ/3 = 10 ላይ የ2ና የ3 ትንሹ የጋራ ብዜት 6 ነው። ሁሉንም በ6 ያባዛ፦ 3ሀ + 2ሀ = 60፣ 5ሀ = 60፣ ሀ = 12። «ሁሉንም» ስል 10ንም ጨምሮ ነው። ብዙዎች ግራውን ያባዙና ቀኙን ይረሱታል። ሚዛኑን አስታውሱት፦ አንዱን ሰሃን 6 እጥፍ አድርገህ ሌላውን ትተኸዋል?

ደረጃ 7፦ በቃላት የተሰጠ ጥያቄ

እዚህ ልጁ የሚፈራው ሒሳቡን አይደለም፣ ንባቡን ነው። ምሳሌ እንውሰድ። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲቀሉ ነው የመረጥኳቸው።

እናት 3 ኪሎ ሽንኩርትና 2 ኪሎ ቲማቲም ገዝታ 270 ብር ከፈለች። የአንድ ኪሎ ቲማቲም ዋጋ ከሽንኩርቱ በ10 ብር ይበልጣል። የእያንዳንዱ ዋጋ ስንት ነው?

መጀመሪያ ጥያቄውን ደብተሩን ዘግቶ በራሱ አማርኛ ይንገራችሁ። መናገር ካልቻለ አልገባውም፤ እንደገና ያንብብ። ከዚያ ሀ ምን እንደሆነ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ «ሀ = የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ በብር»። «ሀ = ሽንኩርት» ብሎ እንዲጽፍ አትፍቀዱለት፤ ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ አይተናል። ቲማቲሙ ሀ + 10 ይሆናል። አሁን ኢኩዌሽኑ ራሱ ይመጣል፦

3ሀ + 2(ሀ + 10) = 270
5ሀ + 20 = 270
5ሀ = 250
ሀ = 50

ሽንኩርቱ 50 ብር፣ ቲማቲሙ 60 ብር። 150 + 120 = 270። መልሱ በዓረፍተ ነገር፣ ከነብሩ ይጻፍ። ሀ = 50 ብሎ ያቆመ ልጅ የቲማቲሙን ሳይመልስ ነው የሄደው።

ልጁ ግን ሽንኩርቱን ሲያስብ ቆይቶ ኢኩዌሽኑ ካልመጣለት፣ በግምት ይጀምር። «ሽንኩርቱ 40 ብር ቢሆን ስንት ትከፍል ነበር?» በሉት። 3 × 40 + 2 × 50 = 220 ይላችኋል። «አነሰ። እንዴት እንዳሰላኸው ጻፈው፣ አሁን በ40 ቦታ ሀ አስገባ።» ኢኩዌሽኑን ሳያውቀው ጻፈው ማለት ነው። ከሁሉም ዘዴዎች ይህን አብልጬ እወዳለሁ።

9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ያኔ አንድ አዲስ ወጥመድ ይመጣል። በአማርኛ «ከሀ በ5 የሚያንስ» ስንል ቅደም ተከተሉ ከሒሳቡ ጋር ይሄዳል፦ ሀ − 5። በእንግሊዝኛ ግን «ፋይቭ ሌስ ዛን ኤክስ» ሲባል 5 ቀድሞ ይመጣል። ልጁ እንደሰማው 5 − ሀ ብሎ ይጽፋል፤ ተገለበጠ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ወደ አማርኛ መልሶ ይናገረው፣ ከዚያ ይጻፈው።

ሌላው የ«እጥፍ» ነው። «የተማሪው ብዛት የወንበሩ 3 እጥፍ ነው» ሲባል፣ ተ የተማሪው፣ ወ የወንበሩ ብዛት ሆኖ፣ ብዙ ልጅ 3ተ = ወ ይጽፋል። ትክክሉ ተ = 3ወ ነው። በቁጥር ይፈትነው፦ 10 ወንበር ካለ 30 ተማሪ አለ፤ 30 = 3 × 10።

ደረጃ 8፦ ሲያቅተው እንዴት እንደምትረዱት

ዝም በሉ። በሆዳችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ዝምታው ለእናንተ ነው የሚረዝመው፣ ልጁ እያሰበ ነው።

አሁንም ካልቻለ ጠይቁት፦ «ምን ተሰጠህ? ምን ተፈለገ? ሀ ላይ መጨረሻ የተደረበው ምንድነው?» እሱም ካልሠራ ጥያቄውን አትሥሩለት። ተመሳሳይ የሆነ፣ ቁጥሩ የተቀየረ ሌላ ጥያቄ እናንተ ከነምክንያቱ ሠርታችሁ አሳዩትና ወደ ራሱ ይመለስ። እስክሪፕቶ የምትይዙት ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ በሌላ ወረቀት ላይ።

አዲስ ነገር ስትጀምሩ ይህ ጥሩ ይሠራል፦ አንድ ሙሉ የተሠራ ጥያቄ ስጡት፣ እያንዳንዱ መስመር ለምን እንደመጣ እሱ ያስረዳችሁ። ሁለተኛውን የመጨረሻ መስመሩን ባዶ ትታችሁ ስጡት። ሦስተኛውን ሁለት መስመር ባዶ። አራተኛውን ብቻውን። ከባዶ ወረቀት ጋር ድንገት አይጋፈጥም።

ሌሎች ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

(ሀ + 3)² = ሀ² + 9 ብሎ መጻፍ። ሀ = 1 ሲደረግ ግራው 16፣ ቀኙ 10 ነው። ትክክሉ ሀ² + 6ሀ + 9 ነው።

ሀ² = 5ሀ ላይ ሁለቱንም በሀ ማካፈል። 5 ይገኛል፣ 0 ግን ይጠፋል። 0ም መልስ ነው።

−2ሀ < 6 ላይ በኔጌቲቭ አካፍሎ ምልክቱን አለመገልበጥ። ትክክሉ ሀ > −3 ነው። ሀ = 0 አድርጎ ይፈትሽ።

በእናንተ በኩል ያለው ስህተት ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛው ሲሳሳት መቆጣት ነው። የተቆጡት ልጅ የሚገምተው መልሱን ሳይሆን የእናንተን ፊት ነው። ሁለተኛው ፎቶ አንስቶ የሚፈታውን የስልክ መተግበሪያ ቀድሞ መክፈት። ልጁ ሠርቶ፣ መልሶ ከትቶ ከጨረሰ በኋላ መስመር ለመስመር ለማነጻጸር ግን ይጠቅማል።

የዛሬ ማታ ልምምድ

አምስት ይበቃሉ። አምስቱን ከሠራ በኋላ ሁለት ቀን አሳልፉና ቁጥሩን ቀይራችሁ እንደገና ስጡት፤ የያዘውና የረሳው ያን ጊዜ ይለያል።

1. 4ሀ + 9 = 33
2. 7ሀ − 5 = 3ሀ + 27
3. 20 − 3(ሀ − 4) = 11
4. ሀ/4 + ሀ/6 = 5
5. እህት ከወንድሟ በ4 ዓመት ትበልጣለች። የሁለቱ ዕድሜ ድምር 30 ነው። የእያንዳንዳቸው ስንት ነው?

መልስ፦ 6፣ 8፣ 7፣ 12፣ ወንድም 13 እና እህት 17። መልሶቹን ልጁ ከማየቱ በፊት ወረቀቱን እጠፉት።